ምዕራፍ ሰባት፦ የተሰበረ ልብ እንዴት ይጠገናል?

ለቅሶ ቤት ብዙ አይወራም። የገባው ሰው ጎንበስ ብሎ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ይላል፤ ፍራሽ ላይ የተቀመጡት «አሜን» ይላሉ። ንፍሮ ይዞራል። እንግዳው ጥቂት አንገቱን ደፍቶ ይቀመጥና «ነፍስ ይማር» ብሎ ይነሣል። ነገሩን በስሌት ለሚያይ ሰው ግራ ያጋባል። የሞተው አልተመለሰ፣ ለምን እንደሞተ አልተነገረ፣ የቤቱ ጉድለት አልተሞላ። ከዓመት በኋላ ግን ሐዘንተኛዋን «እንዴት ቻልሽው?» ብትሏት፣ «እግዚአብሔር አቆመኝ፤ ሰዉም አልተለየኝ» ትላችኋለች። ምን ተደርጎላት ነው የቆመችው?

በምዕራፍ 5 ሐዘን እንቅልፍን፣ የምግብ ፍላጎትንና ትኩረትን እንዴት እንደሚያናጋ አይተናል። በምዕራፍ 6 ደግሞ በየሥልጠናው የሚጠቀሱትን «አምስት የሐዘን ደረጃዎች» መርምረናል። ኤልሳቤት ኩብለር ሮስ እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተመችው መጽሐፍ የዘረዘረቻቸው ደረጃዎች የተገኙት ሊሞቱ ከተቃረቡ ሕሙማን አንደበት ነበር፤ ሰው ለሞተበት ሰው የተሰፉ አልነበሩም። ሐዘን ተራ ጠብቆ ካልሄደ፣ እምነት ሐዘንተኛውን ከየትኛው ደረጃ ወደ የትኛው ያሻግረዋል ብሎ መጠየቅም ትርጉም ያጣል። ስለዚህ ጥያቄውን እንለውጠው፦ እምነት በሐዘን ጊዜ ሥራው ምንድን ነው?

የዚህ ምዕራፍ መልስ አጭር ነው። ክርስትና ሐዘንተኛውን የሚያጽናናው በዋናነት ሕመሙን በማደንዘዝ ወይም የሞቱን ምክንያት በማስረዳት አይደለም። የተሰበረው እስኪገጥም ድረስ ደግፎ ይይዘዋል። ትንሣኤ ሙታን እውነት ነው ወይ የሚለውን ጥያቄ ለነገረ መለኮት መምህራን እንተወዋለን። እኛ የምናየው ያንን ተስፋ የያዘ ሰው በሐዘኑ ውስጥ ምን እንደሚሆን ነው።

ወጌሻው የሚያውቀው

አጥንት የሚገጥመው በራሱ ነው። በተሰበረበት ቦታ ደም ይረጋል፤ በረጋው ላይ ለስላሳ ህብረ ሕዋስ ይበቅላል፤ ያም ቀስ በቀስ ጠጥሮ አጥንት ይሆናል። ይህን ሥራ ወጌሻም ሆነ የአጥንት ሐኪም ሊሠራለት አይችልም።

ታዲያ ወጌሻው ለምን ይጠራል? መጀመሪያ የተናጋውን ወደ ቦታው መልሶ፣ በቀርከሃ ስንጥርና በጨርቅ ያስረዋል፤ ያልተያዘ ስብራት ጠምሞ ይገጥማልና። ቀጥሎ ይቀጥራል። በቀጠሮው ቀን እሥሩን ፈትቶ ያያል፣ ያሻል፣ መልሶ ያስራል። በመጨረሻ «አሁን ትንሽ ትንሽ ርገጥበት» ይላል፤ ጨርሶ ያልተረገጠበት እግር ይሰልላልና። ደግፎ መያዝ፣ በቀጠሮ ማየት፣ ቀስ በቀስ ማስረገጥ፦ የወጌሻው ሙያ እነዚህ ሦስቱ ናቸው።

አንድ አደጋም አለ። እሥሩ ከልክ በላይ ከጠበቀ ደም መዘዋወሩን ያቆማል። ስብራቱ ቀላል ሆኖ ሳለ፣ በጠበቀ እሥር ምክንያት እጅ ወይም እግር የተቆረጠባቸውን ልጆች የአገራችን የአጥንት ሐኪሞች በሚገባ ያውቋቸዋል። ወደዚህ ነጥብ ኋላ እንመለሳለን።

ገባ ወጣ የሚል ሐዘን

የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ረዘም ላለ ጊዜ ሐዘንተኛው አንድ ሥራ ብቻ እንዳለበት ያስቡ ነበር፤ ፊት ለፊት ተጋፍጦ ማዘንና መጨረስ። እ.ኤ.አ. በ1999 በኔዘርላንድ የዩትሬክት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ማርጋሬት ስትሮብና ሄንክ ሹት ሥራው ሁለት ነው አሉ። አንደኛው ወደ ሐዘኑ መግባት ነው፦ ማልቀስ፣ መናፈቅ፣ ፎቶ ማየት፣ ስለሟቹ ማውራት። ሁለተኛው ወደ ኑሮው መውጣት ነው፦ የቀረውን ቤት ማስተዳደር፣ ሟቹ ይሠራው የነበረውን መልመድ፣ ጥቂትም ቢሆን ማረፍ።

ባሏ የሞተባትን አንዲት ሴት እናስብ። ጠዋት ለወራሽነት ማረጋገጫ ፍርድ ቤት ትመላለሳለች፤ በእድሩ መዝገብ በእሱ ስም የነበረውን አባልነት ወደ ራሷ ታዞራለች፤ የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ ትከፍላለች። ከሰዓት በኋላ ቁም ሣጥኑን ስትከፍት ኮቱ ላይ የቀረው ጠረን ያገኛትና እዚያው ቁጭ ብላ ታለቅሳለች። ጎረቤት «ጠዋት ደህና አልነበረች?» ይላል። ነበረች፤ አሁንም ጤነኛ ናት። እንደ ስትሮብና ሹት አባባል ጤናማ ሐዘን የሚባለው ይኸው መመላለስ ነው። የሚያሰጋው ከሁለቱ በአንዱ ታስሮ መቅረት ነው፤ ሌት ተቀን ከሐዘኑ አለመውጣት፣ ወይም በሥራ ተሸፍኖ ጨርሶ ወደ ሐዘኑ አለመግባት።

መጽሐፍ ቅዱስ ይህን መመላለስ በአንድ ሰው ሕይወት ያሳያል። የንጉሥ ዳዊት ሕፃን ልጅ ታሞ ሳለ ዳዊት እህል ሳይቀምስ መሬት ላይ ተኝቶ ይለምን ነበር። ልጁ ሲሞት ግን ተነሣ፣ ታጠበ፣ ልብስ ለወጠ፣ ሰገደ፣ በላ። ባለሟሎቹ ተገረሙ። ያው ዳዊት አቤሴሎም ሲሞት እንዲያ መሆን አልቻለም። ከበሩ በላይ ባለው ሰገነት ወጥቶ የልጁን ስም እየደጋገመ አለቀሰ፤ በጦርነት ድል ያደረገው ሕዝብም እንዳፈረ ሰው ተደብቆ ወደ ከተማ ገባ። የጦር አለቃው ኢዮአብ መጥቶ በብርቱ ቃል እስኪገሥጸው ድረስ አልወጣም፤ ከዚያ ግን ተነሥቶ በበሩ ተቀመጠ፣ ሕዝቡም አየው። መጽሐፉ በአንዱ ሐዘን ዳዊትን አያወድስም፣ በሌላው እምነት የለሽ አይለውም። አንድ አማኝ ሁለት ልጅ ቀብሮ ሁለት ዓይነት ሐዘን አዘነ፤ ሁለቱንም ጊዜ ግን ወደ ኑሮ የመለሰው ነገር ነበር፤ አንድ ጊዜ ከውስጡ፣ አንድ ጊዜ ከወዳጁ።

ቀጠሮ ያለው ልቅሶ

እምነት ይህን ገባ ወጣ የሚደግፍበት ዋና መሣሪያ በአገራችን በብዙ ቤት ይታወቃል፤ የመታሰቢያ ቀኖቹ ናቸው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ከፍትሐትና ከቀብር በኋላ ሰልስት፣ ሰባት፣ ዐሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅና ሙት ዓመት አሉ። እያንዳንዱ ቀን የራሱ ምክንያት አለው። ሰልስቱ ጌታ የተነሣበትን ሦስተኛ ቀን ያስባል። ሰባቱ ዮሴፍ ለአባቱ ለያዕቆብ ያለቀሰበትን ሰባት ቀን፣ ሠላሳው እስራኤል በሞዓብ ሜዳ ለሙሴ ያለቀሱበትን ሠላሳ ቀን ያስታውሳል። አርባውን ከጌታ ዕርገት ጋር የሚያያይዙት አሉ።

የቀኖቹን አቀማመጥ ልብ በሉ። ስብራቱ ትኩስ ሲሆን ቀጠሮው ይቀራረባል፤ በመጀመሪያው ወር ብቻ አራት ጊዜ ነው። ከአርባው በኋላ ይራራቃል፤ ከሰማንያ እስከ መንፈቅ ሦስት ወር ያልፋል፣ ከመንፈቅ እስከ ሙት ዓመት ስድስት ወር። ወጌሻውም በመጀመሪያው ሳምንት ቶሎ ቶሎ ፈትቶ ያያል፤ ሲጠጥር ቀጠሮውን ያረዝማል።

ቀኖቹ ሁለት ዓይነት ፈቃድ ይሰጣሉ። በቀጠሮው ቀን ማልቀስ ይፈቀዳል፤ ስሙ በጸሎት ይጠራል፣ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ማንም «እስካሁን?» አይልም። በመካከሉ ባሉት ቀናት ደግሞ መኖር ይፈቀዳል። ገበያ መሄድ፣ ሥራ መግባት፣ ልጅ ሲያስቅ መሣቅ ሟቹን መክዳት አይደለም፤ የሱ ቀን ተቆርጦ ይጠብቃልና። ብዙ ሐዘንተኞችን የሚያሠቃየው «ከረሳሁትስ?» የሚል ፍርሃት ነው። ቀን የተቆረጠለት ሐዘን ይህን ፍርሃት ከአንድ ሰው ትከሻ አንሥቶ ለማኅበሩ ይሰጠዋል። በሙት ዓመት ጥቁሩ ሲወልቅም ውሳኔው የሐዘንተኛዋ ብቻ አይሆንም፤ ሰው በተሰበሰበበት፣ ጸሎት በተደረገበት ቀን ነው።

የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ተዝካርና ፍትሐት የላቸውም፤ ለሞተ ሰው መጸለይን መጽሐፍ ቅዱሳዊ ነው ብለው አይቀበሉትም። ደግፎ የመያዙን ሥራ ግን በሌላ መንገድ ይሠሩታል። ድንኳኑ ውስጥ መዝሙር ይዘመራል፣ ቃል ይነገራል፤ ከቀብሩም በኋላ የቤት ለቤት ኅብረቱ አባላት በየሳምንቱ ይመላለሳሉ። መታሰቢያ ቀን ባይቆረጥም ቀጠሮ አለ። ልዩነቱ በሟቹ ነፍስ ዙሪያ ባለው ትምህርት ላይ ነው፤ በሕይወት የቀረችውን ደግፎ በመያዙ ላይ ተመሳሳይነታቸው ይበዛል።

ከስብራቱ በፊት የሚደረግ ፍትሐት

በሆሣዕና ዕለት ዘንባባውን ጣቱ ላይ አሥሮ ወይም ግንባሩ ላይ አድርጎ ቤተ ክርስቲያን ያረፈደ ሰው አንድ ነገር ያውቃል። ከቅዳሴው በኋላ ለሕዝቡ በሙሉ ጸሎተ ፍትሐት ይደረጋል። ከሰኞ ጀምሮ የሰሙነ ሕማማት ሳምንት ነው፤ በዚያ ሳምንት ፍትሐት የለም። ከምእመናኑ መካከል በነዚያ ቀናት የሚሞት ቢኖር ሳይፈታ እንዳይቀበር ሁሉም አስቀድሞ ይፈታል። በደስታው በዓል ላይ፣ ልጆች የዘንባባ ቀለበት እየጎነጎኑ ሳለ፣ በግቢው የቆመው ሰው ሁሉ በሕይወቱ ሳለ የራሱን ፍትሐት ይሰማል።

ይህ ሥርዓት ለዚህ ምዕራፍ ሐሳብ አንድ ነገር ይጨምራል፤ ድጋፉ የሚዘጋጀው ከስብራቱ በፊት ነው። ትኩስ ሐዘን ላይ ያለ ሰው አዲስ ነገር ማጥናት አይችልም። በምዕራፍ 5 እንዳየነው ትኩረቱ ተበትኗል፤ ያነበበውን አንቀጽ ሦስቴ ይደግመዋል። በዚያ ሰዓት የሚያገለግለው አስቀድሞ በአፉ የገባው ጸሎት፣ በልጅነቱ የሰማው ዜማ፣ ከዚህ በፊት ሌላ ሰው ቤት ሄዶ ያየው ሥርዓት ነው። ለቅሶ መድረስም በዚህ በኩል ትምህርት ቤት ነው፤ ሃያ ሰው ያስተዛዘነ ሰው የራሱ ተራ ሲደርስ የት እንደሚቀመጥ፣ ምን እንደሚባል፣ ነገ ማን እንደሚመጣ ያውቃል።

የገጠመው አጥንት ወፍራም ነው

ሲግመንድ ፍሮይድ እ.ኤ.አ. በ1917 ባሳተመው ጽሑፍ ሐዘን የሚያበቃው ሰው ከሟቹ ጋር ያለውን ትስስር ክር በክር ፈትቶ ሲጨርስ ነው ብሎ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ልጁ ሶፊ በኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ሞተችበት። እ.ኤ.አ. በ1929 ልጁ ለሞተበት ወዳጁ ለሉድቪግ ቢንስቫንገር በጻፈው ደብዳቤ ሌላ ነገር አለ። የሄደውን የሚተካ እንደማይገኝ፣ ክፍተቱ ቢሞላ እንኳ ሌላ ነገር ሆኖ እንደሚቀር፣ እንዲያ መሆኑም ተገቢ እንደሆነ ጻፈለት። የራሱ ሐዘን ከራሱ ንድፈ ሐሳብ አልፎ ሄደ።

ሙያው እሱን እስኪከተል ብዙ ዓመት ፈጀ። እ.ኤ.አ. በ1996 ዴኒስ ክላስ፣ ፊሊስ ሲልቨርማንና ስቲቨን ኒክማን ባዘጋጁት መጽሐፍ፣ ብዙ ጤነኛ ሐዘንተኞች ከሟቹ ጋር ያላቸውን ዝምድና መልኩን ቀይረው እንደሚያቆዩት አሳዩ። በክርስትና ይህ አዲስ ወሬ አይደለም። በቅዳሴ ሙታን ይታሰባሉ፤ ልጅ በአባቱ ስም ነዳያንን ያበላል፤ ወንጌላዊቷ እናት ልጇን ዳግም እንደምታየው ታምናለች። ሟቹ አብሮ አይኖርም፤ ከቤተሰቡ መዝገብ ግን አልተሰረዘም። የገጠመ አጥንት ራጅ ሲነሣ በተሰበረበት በኩል ብዙ ጊዜ ወፈር ብሎ ይታያል። ይራመዱበታል፤ ስብራቱ ግን ታሪኩን ይዞ ይኖራል።

እሥሩ ሲጠብቅ

እስካሁን ያልነው ሁሉ እምነት ሲረዳ ነው። የሚጎዳበትም ጊዜ አለ። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ኬኔት ፓርጋመንት ሰዎች በመከራ ጊዜ ሃይማኖታቸውን እንዴት እንደሚይዙ ለዓመታት አጥንቶ በሁለት ከፈለው። «እግዚአብሔር ከኔ ጋር ነው፣ ወገኖቼም ይዘውኛል» የሚል ሰው በአብዛኛው ይደገፋል። «በኃጢአቴ ቀጣኝ፣ ትቶኛል» ብሎ የሚያምን ሰው ደግሞ ጭንቀቱ ይበረታል። ሁለቱም አማኞች ናቸው፤ ሁለቱም ይጸልያሉ።

ሁለተኛውን ሐሳብ ብዙ ጊዜ የሚዘራው አጽናኝ ነኝ ባይ ነው። «አታልቅሺ፣ ክርስቲያን አያለቅስም»፣ «ጌታ አበባውን መርጦ ነው የወሰደው»፣ «ጸሎት ብትጨምሪ ኖሮ» ይላል። እሥር ናቸው፤ ግን የጠበቁ። መጽሐፍ ቅዱስም አይደግፋቸውም። የኢዮብ ሦስት ወዳጆች ከሩቅ መጥተው ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ዝም ብለው መሬት ላይ አብረውት ተቀመጡ፤ የሚመሰገኑትም በዚያ ነው። አፋቸውን ከፍተው ምክንያት መደርደር ሲጀምሩ ግን ቁስሉን አባባሱት፤ በመጽሐፉ መጨረሻ እግዚአብሔር የተቆጣው በነሱ ላይ ነው።

የአልዓዛር ቤት ታሪክ ከዚህም በላይ ይናገራል። ጌታ ወደ ቢታንያ ሲደርስ አልዓዛር በመቃብር አራት ቀን ሆኖት ነበር። ሁለቱ እኅቶች አንድ ዓይነት ቃል ነው የነገሩት፤ አንተ እዚህ ብትሆን ወንድማችን ባልሞተ ነበር። ማርታን ስለ ትንሣኤ አነጋገራት። ማርያም ከእግሩ ወድቃ ስታለቅስ ግን ትምህርት አልሰጣትም፤ አብሯት አለቀሰ። ሊያስነሣው እንደሆነ እያወቀ ነው ያለቀሰው። እንግዲህ የትንሣኤ ተስፋ ያለው ሰው ማልቀስ የለበትም የሚል፣ ከተስፋው ባለቤት በላይ ተስፈኛ ልሁን እያለ ነው።

ሌላው የሚጠብቅ እሥር ዕዳ ነው። ለተዝካር ድግስ በሬ አርዶ፣ ጠላ ጠምቆ፣ ተበድሮ ያበላ ቤተሰብ ከአርባው ማግስት ከሐዘኑ ጋር አበዳሪ ይጠብቀዋል። የሚያጽናናው ጸሎቱና መሰብሰቡ እንጂ የድግሱ ልክ እንዳልሆነ ካህናቱም ደጋግመው ያስተምራሉ።

ደጋፊው ሲርቅ

የድጋፉ ዋጋ ጎልቶ የሚታየው ሲጎድል ነው። በ2012 ዓ.ም. ለኮቪድ-19 በታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከልክሎ ነበር። ድንኳን አልተተከለም፤ ለቅሶ ደራሹ በስልክ ሆነ። በዚያ ወቅት ሰው የቀበሩ ቤተሰቦች ሐዘኑ «ሳይወጣልን ቀረ» ሲሉ ይሰማል።

በውጭ የሚኖረው ሐበሻ ይህን ከወረርሽኙ በፊትም ያውቀዋል። ሪያድ ወይም ቤይሩት የቤት ሠራተኛ የሆነች ልጅ የእናቷን ሞት በስልክ ሰምታ በዚያው ቀን ልብስ ታጥባለች። አሜሪካ ያሉት ደግሞ መርዶውን እንደ አገር ቤት ያደርጉታል፤ ወዳጆች ተጠራርተው ሳይነጋ በሩን ያንኳኳሉ፤ በዚያ ሰዓት ይህን ያህል ሰው በር ላይ ያየ ሰው ሳይነገረው ያውቃል። ሬሳው በሌለበት ይለቀሳል፤ በአካባቢው ባለው ቤተ ክርስቲያን ጸሎት ይደረጋል። ርቀቱ የማይነፍገው ነገር ካለ ቀጠሮው ነው። አርባው ሪያድም አርባ ነው፤ በዕለቱ በአንዲት ክፍል አራት ጓደኛ ተሰብስቦ ሻማ ቢያበራ፣ ቢጸልይ ወይም ቢዘምር ሥራው ይሠራል።

መንፈቅና ሙት ዓመት ሲደርሱ

አብዛኛው ሐዘንተኛ ከጊዜና ከሰው ጋር ይጠገናል። በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ሲጠቃለሉ ግን ከ10 ሐዘንተኞች አንዱ ያህል ሐዘኑ አልላላ ብሎ ይቆይበታል። ባለሙያዎች ይህን የተራዘመ ሐዘን ሕመም ይሉታል፤ ናፍቆቱ እንደ መጀመሪያው ሳምንት ይለበልባል፣ ሞቱን ማመን ያቅታል፣ ሕይወት ትርጉም ያጣል፣ ኑሮ ይቆማል። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ሕመም ለመለየት ቢያንስ ስድስት ወር እንዲያልፍ ይጠይቃል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂዎች አንድ ዓመት ይላል።

ስድስት ወር መንፈቅ ነው፤ አንድ ዓመት ሙት ዓመት ነው። ሐኪሞቹ ከቤተ ክርስቲያኗ አልቀዱም፤ መገጣጠሙ ግን ይጠቅመናል። በነዚያ ሁለት ቀኖች ቤተሰቡ ተሰብስቧል፣ የንስሐ አባቱ ወይም መጋቢው ተገኝቷል፤ እሥሩን ፈትቶ ለማየት ከዚያ የተሻለ ቀን የለም። ትተኛለህ ወይ? ትበላለህ ወይ? ሥራ ገብተሃል ወይ? ከልጆችህ ጋር ትጫወታለህ ወይ? «ከሱ ጋር በተቀበርኩ» የሚል ሐሳብ ይመላለስብሃል ወይ? የመጨረሻውን ጥያቄ «አዎ» ያለ ሰው ቀጠሮ ሳይጠብቅ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይወሰድ። በሌሎቹ ላይ ለውጥ የሌለውም በመንፈቁ የአእምሮ ሕክምና ባለሙያ ቢያየው ከእምነቱ የሚቀነስ ነገር የለም። ጥሩ ወጌሻ ከሱ አቅም በላይ የሆነውን ስብራት ሲያይ ራሱ ወደ ሐኪም ቤት ይልካል፤ ጥሩ ካህንና ጥሩ መጋቢም እንደዚሁ።

በሚቀጥለው ምዕራፍ ልጆች እንዴት እንደሚያዝኑ እናያለን። እነሱ ገባ ወጣውን ከአዋቂ ይልቅ በፍጥነት ይመላለሱበታል፤ ቀብር ውለው ማታ ኳስ ሲጫወቱ ብታዩአቸው አትቆጧቸው።